በአንጎል ዕጢ ውስጥ ስለሚገኙ የመከላከያ ሕዋሳት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንድ ሰው አንጎሉ ውስጥ ዕጢ እንዳለ ሲነገረው ቤተሰቡ ብዙ ጊዜ የሚያነሳው ጥያቄ «ታዲያ ሰውነቱ እስከዛሬ እንዴት ዝም አለ?» የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሰውነት ግን ዝም አላለም። ዕጢው ሲመረመር በመከላከያ ሕዋሳት ተሞልቶ ይገኛል። ችግሩ ያለው ሕዋሳቱ እዚያ ከገቡ በኋላ በሚሠሩት ሥራ ላይ ነው። ከዚህ በታች የምታነቡት ከሕሙማን፣ ከአስታማሚዎችና ከተማሪዎች በተደጋጋሚ ለሚነሱ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ ነው። አብዛኛው ማብራሪያ ግሊዮብላስቶማን የሚመለከት ነው፤ በአዋቂዎች ላይ ከራሱ ከአንጎል ከሚነሱ አደገኛ ዕጢዎች መካከል በብዛት የሚታየው እሱ ነው፣ ምርምሩም በብዛት የተሠራው በእሱ ላይ ነው።

ዕጢው ውስጥ ያሉት የመከላከያ ሕዋሳት ምን ያህል ይሆናሉ?

ብዙ ሰው ከሚገምተው እጅግ ይበልጣሉ። በግሊዮብላስቶማ ውስጥ ማይክሮግሊያና ማክሮፌጅ የሚባሉት ሕዋሳት ብቻ ከዕጢው ከ30 እስከ 50 በመቶ ሊደርሱ ይችላሉ። ቁጥሩ ከሰው ሰው፣ በአንድ ሰው ዕጢ ውስጥም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ቢሆንም ሐሳቡን ቆም ብሎ ማሰላሰል ይገባል። የቀዶ ሐኪሙ ቆርጦ ካወጣው ቁራጭ ሲሦው ወይም ግማሹ ካንሰር ሳይሆን የታማሚው የራሱ ጤነኛ ዘረመል ያላቸው፣ ለጥበቃ የተፈጠሩ ሕዋሳት ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው። ለእኔ በዚህ ርዕስ ላይ ከሚነገረው ሁሉ ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ቀሪው ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል።

የትኞቹ ዓይነቶች ናቸው?

ማይክሮግሊያ፣ ከደም የመጡ ማክሮፌጆች፣ ቲ ሴሎች፣ ኒውትሮፊሎች፣ ዴንድሪቲክ ሴሎች፣ ኤንኬ የሚባሉት ገዳይ ሕዋሳትና ጥቂት ቢ ሴሎች። በቁጥር የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሌሎቹን ሁሉ ይውጣሉ። ዛሬ የምንሰማቸው ታላላቅ የካንሰር መድኃኒቶች የሚተማመኑባቸው ቲ ሴሎች (የታመመን ሕዋስ ለይተው የሚያጠቁ ነጭ የደም ሕዋሳት) ግን በአብዛኛው የአንጎል ዕጢ ውስጥ ጥቂት ናቸው።

ማይክሮግሊያና ማክሮፌጅ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ሐኪሜ ሁለቱንም አንድ ላይ ይጠራቸዋል።

ማይክሮግሊያ የአንጎል ነባር ነዋሪ ነው። ገና በፅንስነት ጊዜ፣ የአጥንት መቅኒ ሥራ ሳይጀምር፣ ከአስኳል ከረጢት ተነስቶ ወደ አንጎል ይገባና ዕድሜ ልኩን እዚያው እየተባዛ ይኖራል። ቀጫጭን ቅርንጫፎቹን እየዘረጋና እየሰበሰበ አካባቢውን ሌት ተቀን ይፈትሻል። የሞተ ነገር ያነሳል፣ የነርቭ መገናኛዎችን ይከረክማል።

ማክሮፌጁ ደግሞ መጤ ነው። በአጥንት መቅኒ ውስጥ ይፈጠራል፣ ሞኖሳይት ሆኖ በደም ይዘዋወራል፣ ዕጢው በሚልካቸው የኬሚካል ጥሪዎች ተስቦ ይገባና ማክሮፌጅ ይሆናል። አንዴ ዕጢው ውስጥ ከገቡ በኋላ ነባሩና መጤው በመልክ እየተመሳሰሉ ስለሚሄዱ በተራ ምርመራ መለየት ይከብዳል። ሐኪሞች በአንድ ስም የሚጠሯቸውም ለዚህ ነው።

ነባሩን ሕዋስ ለይቶ ያሳየን ስፔናዊው ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ ነው። በ1919 የብር ካርቦኔት ማቅለሚያ ተጠቅሞ ማይክሮግሊያን ከሌሎች የአንጎል ሕዋሳት ነጥሎ አወጣ። ከአምስት ዓመት በኋላ ዋይልደር ፔንፊልድ የተባለ ወጣት የአንጎል ቀዶ ሐኪም ማቅለሙን ሊማር ማድሪድ ድረስ ሄደ። በ1925 ባሳተመው ጽሑፍም ማይክሮግሊያ በአንጎል ዕጢ ውስጥ እንዳለና ፍርስራሽ እንደሚውጥ አሳየ። ስለዚህ ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም፤ አዲስ የሆነው ሕዋሳቱ በዕጢው ውስጥ የሚያደርጉትን መረዳታችን ነው።

በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ምን ይመስላሉ?

ከዕጢው የተወሰደ ስስ ቁራጭ በመስታወት ላይ ተደርጎ ማይክሮግሊያንና ማክሮፌጅን ቡናማ በሚያደርግ ማቅለሚያ ሲቀለም፣ ዓይን ከዳር ወደ መሐል ሲሄድ ታሪኩን ማንበብ ይቻላል። ከዕጢው ውጪ ባለው ጤነኛ ክፍል ሕዋሳቱ ተራርቀው ተቀምጠዋል፤ አካላቸው ትንሽ፣ ቅርንጫፋቸው እንደ ሸረሪት እግር ቀጭንና ረጅም ነው። ወደ ዕጢው ጠርዝ ሲቀርቡ ቅርንጫፉ ያጥራል፣ ይወፍራል። መሐል ላይ ሲደርስ ቅርንጫፍ የለም፤ ክብ፣ ወፍራም፣ እርስ በርሱ የተጣበበ ቡናማ ሕዋስ ብቻ ነው። ደም አጥቶ በሞተው ክፍል ዙሪያ ደግሞ ፍርስራሽ ውጠው ያበጡ፣ ውስጣቸው አረፋ የመሰለ ሕዋሳት ተኮልኩለዋል።

ቲ ሴሎችን ለማየት ሌላ ማቅለሚያ ያስፈልጋል። ትናንሽና ክብ ናቸው፤ ኒውክሊየሳቸው ጠቆር ብሎ ሕዋሱን ሊሞላው ይቀርባል። አብዛኞቹ የሚገኙት በደም ሥሮች ግድግዳ ዙሪያ እንደ ቀለበት ተሰብስበው ነው። በር ላይ እንደቆመ ሰው ናቸው፤ ደርሰዋል፣ ግን አልገቡም።

አንጎል ከደም የሚለይ አጥር የለውም እንዴ? በየት ገቡ?

አጥሩ አለ። የአንጎል የደም ሥሮች ግድግዳ ሕዋሳት እርስ በርስ በጥብቅ ስለተሰፉ ብዙ ነገር አያሳልፉም። ለረጅም ዘመን አንጎል ከመከላከያ ሥርዓቱ ጨርሶ የተገለለ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ለዚህ እምነት መሠረት ከሆኑት ሥራዎች አንዱ ብሪታንያዊው ሳይንቲስት ፒተር ሜዳዋር በ1948 ያሳተመው ነው፤ ከሌላ ጥንቸል የተወሰደ ቆዳ በጥንቸል አንጎል ውስጥ ሲተከል ሳይጠቃ ሊቆይ ቻለ። ነገር ግን ከዚያው ሥራ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር አለ። ጥንቸሏ ቀደም ብሎ በሰውነቷ ላይ ተመሳሳይ ቆዳ ተተክሎባት መከላከያዋ ነቅቶ ከነበረ፣ አንጎል ውስጥ ያለውንም ቆዳ አጠፋችው። መንገዱ ተዘግቶ አልነበረም፤ የሚጠራ ሲኖር ይከፈታል።

በ2015 ሁለት የምርምር ቡድኖች፣ አንዱ ከአሜሪካ ቨርጂኒያ ሌላው ከፊንላንድ ሄልሲንኪ፣ በአይጦች የአንጎል ሽፋን ውስጥ ወደ አንገት ሊምፍ ኖዶች (የመከላከያ ሕዋሳት መሰብሰቢያዎች) የሚወርዱ የሊምፍ ቧንቧዎች እንዳሉ አሳዩ። ቧንቧዎቹ በሰው ላይም መኖራቸው ታይቷል። ከዚያ ወዲህ «የተገለለ» የሚለው ቃል «በጥንቃቄ የሚጠበቅ» በሚል እየተተካ ነው።

በዕጢ ጊዜ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። አደገኛው ዕጢ በጥድፊያ የሚያበቅላቸው የደም ሥሮች ስፌታቸው የላላ ነው፣ ያፈሳሉ። በኤምአርአይ ምርመራ ጊዜ የሚወጋው ንጥረ ነገር ዕጢውን አብርቶ የሚያሳየውም በዚሁ ቀዳዳ ስለሚያልፍ ነው። ሞኖሳይቶችም በዚሁ ይገባሉ። ያ ማለት ግን አጥሩ በሁሉም ቦታ ፈርሷል ማለት አይደለም። የዕጢው ሕዋሳት ርቀው ሾልከው በገቡበት ጤነኛ በሚመስል ክፍል አጥሩ እንደተጠበቀ ነው፤ መድኃኒትም መከላከያም እዚያ ለመድረስ ይቸገራል።

ከገቡ ለምን አይገድሉትም?

ዕጢው ጠባያቸውን ስለሚለውጥ ነው።

አንድ ማክሮፌጅ ሁለት ዓይነት ሥራ ይችላል። ጀርም ሲገባ ይቆጣል፣ ይገድላል፣ ሌሎችን ይጠራል። ቁስል ሲድን ደግሞ ይረጋጋል፣ ፍርስራሽ ያነሳል፣ አዲስ የደም ሥር እንዲበቅል ይረዳል፣ «ጠቡ በቃ» የሚል መልእክት ይልካል። ሁለቱም ለሕይወት ያስፈልጋሉ። ዕጢው የሚያደርገው ሁለተኛውን ጠባይ አስነስቶ እንዳይጠፋ ማድረግ ነው። ሲኤስኤፍ-1 እና ሲሲኤል2 የሚባሉ ፕሮቲኖችን እየለቀቀ ይጠራቸዋል፤ ቲጂኤፍ ቤታ እና ኢንተርሉኪን 10 በመሳሰሉት ያቀዘቅዛቸዋል። የኦክስጅን እጥረቱና አሲዱም ይጨምርበታል። ሕዋሱ በዕጢው ውስጥ ያለውን ሁሉ እንደማይድን ቁስል ቆጥሮ ማከም ይጀምራል።

ያን ጊዜ «በሬ ካራጁ» የሚባለው ይደርሳል። ማክሮፌጁ የሚለቀው የደም ሥር አብቃይ ፕሮቲን ዕጢውን ይመግባል። ማይክሮግሊያ የሚያመነጫቸው ኢንዛይሞች በሕዋሳት መካከል ያለውን ድርና ማግ ይቆርጣሉ፤ የካንሰሩ ሕዋስ በተከፈተው መንገድ ወደ ጤነኛው አንጎል ይሾልካል። ሊያግዝ የመጣ ቲ ሴል ካለም ያስቆሙታል።

አሁን በምርምር ቤቶች የእያንዳንዱን ሕዋስ የዘረመል እንቅስቃሴ ለየብቻ ማንበብ ስለተቻለ፣ «ጥሩ» እና «መጥፎ» ብሎ ለሁለት መክፈሉ እንደማይበቃ ታውቋል። አንድ ሕዋስ በአንድ ጊዜ የቁጣም የእርጋታም ምልክት ሊያሳይ ይችላል፤ ቦታው፣ የኦክስጅኑ መጠንና የተሰጠው መድኃኒት ይቀያይሩታል። ይህ ለእኔ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ነው። የሚቀያየር ጠባይ ተመልሶም ሊቀየር ይችላልና።

ቲ ሴሎቹስ የት ሄዱ?

የመጀመሪያው ምክንያት የዕጢው ጠባይ ነው። ቲ ሴል ጠላቱን የሚያውቀው በሕዋሱ ገጽ ላይ በሚታዩ የተለወጡ ፕሮቲኖች ነው። ከሲጋራና ከፀሐይ ጋር በተያያዙት የሳንባና የቆዳ ካንሰሮች የዘረመል ለውጡ ብዙ ስለሆነ ምልክቱም ብዙ ነው። በግሊዮብላስቶማ የለውጡ ብዛት በአብዛኛው ዝቅተኛ ነው፤ ቲ ሴሉ የሚይዘው ምልክት ያጣል።

ሁለተኛው የበለጠ ያስገርማል። በ2018 በዱክ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ቡድን ባሳተመው ጥናት፣ ገና ምንም ሕክምና ያልጀመሩ የግሊዮብላስቶማ ሕሙማን ደም ውስጥ ቲ ሴሎች ቀንሰው ተገኙ። ሕዋሳቱ ሞተው አልነበረም፤ በአጥንት መቅኒ ውስጥ ታግተው ነበር። ቲ ሴል ከመቅኒ ለመውጣት በገጹ ላይ ኤስ1ፒ1 የሚባል ተቀባይ ያስፈልገዋል። አንጎል ውስጥ ዕጢ ሲኖር ይህ ተቀባይ ከሕዋሱ ገጽ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ቲ ሴሉም መውጫውን ያጣል። የሚደንቀው፣ ተመራማሪዎቹ ከሌላ የሰውነት ክፍል የሚመጡ ካንሰሮችን በአይጥ አንጎል ውስጥ ሲያሳድጉም ያው ነገር መታየቱ ነው። ምክንያቱ የዕጢው ዓይነት ብቻ ሳይሆን ዕጢው ያለበት ቦታም ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው ድካም ነው። ወደ ዕጢው የገቡት ጥቂት ቲ ሴሎች ያለ ዕረፍት ስለሚነካኩ ይዝላሉ፤ ፒዲ-1ን የመሰሉ የ«ቁም» ማብሪያዎች በገጻቸው ላይ ይበዛሉ። ጠላታቸውን ያዩታል፣ ግን አይገድሉም።

አንድ ተጨማሪ ነገር ልጥቀስ። በ2024 ከጀርመን ኤሰን የወጣ ጥናት ከዕጢው አጠገብ ባለው የራስ ቅል መቅኒ ውስጥ ዕጢውን መዋጋት የሚችሉ ቲ ሴሎች ተሰብስበው እንደሚገኙ አሳይቷል። የቀዶ ሐኪሙ የሚከፍተው ያው አጥንት የመከላከያ መከማቻ ሊሆን ይችላል ብሎ ከዚያ በፊት ብዙ ሰው አላሰበም።

በሁሉም የአንጎል ዕጢዎች ተመሳሳይ ነው?

አይደለም። ግሊዮማ ከአንጎል ደጋፊ ሕዋሳት የሚነሳ ዕጢ ነው፤ ግሊዮብላስቶማም አንዱ ነው። አይዲኤች በሚባለው ጂን ላይ ለውጥ ያላቸው ግሊዮማዎች ቀስ ብለው የሚያድጉ ናቸው፤ በውስጣቸው ነባሩ ማይክሮግሊያ ያመዝናል፣ ቲ ሴልም ጥቂት ነው። ከዚህ ጂን የሚሠራው የተለወጠ ኢንዛይም የሚያመርተው ንጥረ ነገር ቲ ሴሎችን ስለሚያዳክም ነው አንዱ ምክንያት። ለውጡ በሌለበት ግሊዮብላስቶማ ከደም የመጡት ማክሮፌጆች ይበዛሉ። በልጆች የአንጎል ግንድ ላይ የሚነሳው ግሊዮማ ደግሞ የመከላከያ ሕዋሳት በጣም የሚያንሱበት ነው።

ከሌላ የሰውነት ክፍል ወደ አንጎል የተዛመተ ካንሰር ራሱን የቻለ ነገር ነው። በተለይ ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ቲ ሴሎችን አስከትሎ ይገባል። ይህ ልዩነት በሕክምና ውጤት ላይ በግልጽ ይታያል፤ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

የፓቶሎጂ ውጤቱ «ሊምፎማ» ይላል። ይህም የመከላከያ ሕዋስ አይደል?

ነው፤ ግን ነገሩ ፈጽሞ ሌላ ነው። ከላይ የተነገሩት ሕዋሳት ጤነኞች ሆነው በካንሰሩ መሐል የተገኙ ናቸው። በአንጎል ሊምፎማ ግን ካንሰር የሆነው ራሱ የመከላከያ ሕዋሱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቢ ሴል። ሕክምናውም ይለያል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ሊምፎማ ዴክሳሜታሶን በሚባለው እብጠት የሚቀንስ ስቴሮይድ በፍጥነት ይሟሽሻል። ሊምፎማ የተጠረጠረበት ሰው ናሙና ሳይወሰድለት መድኃኒቱን ከጀመረ፣ ናሙናው ሲወሰድ የሚታይ ነገር ሊጠፋና ምርመራው ሊጓተት ይችላል። ስለዚህ የሕሙሙ ሁኔታ የሚፈቅድ ከሆነ ሐኪሞች ናሙናውን ያስቀድማሉ።

ዴክሳሜታሶን መከላከያን ያዳክማል ሲባል ሰምቻለሁ። ማቆም አለብኝ?

በራስዎ ፈቃድ በፍጹም አያቁሙ። ይህን መልስ ሳይረዳ የሚያልፍ ሰው እንዳይኖር እፈልጋለሁ።

ዴክሳሜታሶን በዕጢው ዙሪያ ያለውን እብጠት ይቀንሳል። ራስ ምታቱን፣ ማስመለሱን፣ የእጅና እግር መድከሙን የሚያስታግሰው እሱ ነው፤ አንዳንዴም ሕይወት የሚያተርፈው። ለሳምንታት ሲወሰድ ሰውነት የራሱን ስቴሮይድ ማምረት ስለሚቀንስ ድንገት ማቆም አደገኛ ነው። በሌላ በኩል ቲ ሴሎችን እንደሚቀንስና ማክሮፌጆችን ወደ እርጋታው ጠባይ እንደሚገፋ እውነት ነው። ሁለቱም እውነት ስለሆኑ ሐኪሞች የሚሠሩበት መንገድ «እብጠቱን በሚይዘው ዝቅተኛ መጠን፣ በሚቻለው አጭር ጊዜ» የሚል ነው። በመከላከያ ላይ የተመሠረቱ ክሊኒካዊ ሙከራዎች ብዙዎቹ ከፍተኛ መጠን የሚወስድ ሰው የማይቀበሉት በዚህ ምክንያት ነው። ሙከራ ለመግባት የሚያስብ ሰው «መጠኑ በደረጃ ሊቀንስልኝ ይችላል?» ብሎ ሐኪሙን ቢጠይቅ መልካም ነው።

ጨረርና ኬሞቴራፒስ እነዚህን ሕዋሳት ምን ያደርጓቸዋል?

ከ2005 ጀምሮ መደበኛው የግሊዮብላስቶማ ሕክምና ከቀዶ ሕክምና በኋላ ጨረርና ቴሞዞሎማይድ የሚባለውን ኬሞቴራፒ በአንድነት መስጠት ነው። በዚያ ሕክምናውን ባጸደቀው ጥናት ጨረር ብቻ ያገኙት መካከለኛ የመኖር ዕድሜ 12.1 ወር ሲሆን ሁለቱንም ያገኙት 14.6 ወር ነበር። ልዩነቱ በወር ሲቆጠር ትንሽ ይመስላል፤ ሁለት ዓመት የደረሱት ሰዎች ግን ከ10.4 በመቶ ወደ 26.5 በመቶ ከፍ ብለዋል።

ዋጋውን የሚከፍሉት ቲ ሴሎችንና ቢ ሴሎችን የሚያካትቱት ሊምፎሳይቶች ናቸው። ጨረሩ በሚያልፍበት ጊዜ በራስ ውስጥ የሚዘዋወረውን ደምም ይመታል፤ ሊምፎሳይት ደግሞ ለጨረር እጅግ ስስ ነው። ቁጥራቸው በጣም ሲወርድ ኒሞሲስቲስ ለሚባል የሳንባ ምች በር ይከፈታል፤ መከላከያ መድኃኒት የሚታዘዘው ለዚህ ነው። በሕክምናው ወቅት ትኩሳት ወይም አዲስ የትንፋሽ ማጠር ካለ እስከ ቀጠሮ ቀን መጠበቅ አይገባም።

ለሌሎች ካንሰሮች ተአምር የሠራው ኢሚውኖቴራፒ ለምን እዚህ አልሠራም?

ኢሚውኖቴራፒ የሰውነትን መከላከያ አነቃቅቶ ካንሰርን የሚዋጋ ሕክምና ነው። ከእነዚህ መካከል የቲ ሴልን «ቁም» ማብሪያ የሚያነሱት መድኃኒቶች ብዙ ሕይወት አትርፈዋል፤ መንገዱን ያሳዩት ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ በ2018 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። በተመለሰ ግሊዮብላስቶማ ላይ ግን 369 ሕሙማን የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱ የሆነውን ኒቮሉማብን የደም ሥር መብቀልን ከሚገታው ቤቫሲዙማብ ጋር አነጻጽሮ ልዩነት አላገኘም፤ መካከለኛው የመኖር ዕድሜ 9.8 እና 10.0 ወር ነበር።

እስካሁን ያነበባችሁት ምክንያቱን ያስረዳል። መድኃኒቱ የሚያነቃው ቲ ሴል ነው፤ ዕጢው ውስጥ ያለው በብዛት ማክሮፌጅ ነው። ፍሬኑን ብታነሱ መኪናው ከሌለ የሚሄድ ነገር የለም።

የወደ አንጎል የተዛመተው ሜላኖማ ውጤት ይህንኑ ከሌላ ወገን ያጸናዋል። ኒቮሉማብና ሌላው «ቁም» ማብሪያን የሚያነሳ መድኃኒት ኢፒሊሙማብ በአንድነት የተሰጣቸው፣ የአንጎል ምልክት ያልነበራቸው 94 ሰዎች ሲከታተሉ፣ በ57 በመቶዎቹ አንጎል ውስጥ ያለው ዕጢ ቀነሰ፣ ጠፋ ወይም ለወራት ባለበት ቆመ። ያው አንጎል፣ ያው አጥር፤ ልዩነቱ ቲ ሴሎቹ መኖራቸውና የሚያውቁት ምልክት ማግኘታቸው ነው።

ለግሊዮብላስቶማ አንድ ፍንጭ የሰጠ ትንሽ ጥናት በ2019 ወጥቷል። ዕጢው የተመለሰባቸው 35 ሰዎች ከኒቮሉማብ ጋር አንድ ወገን የሆነውን ፔምብሮሊዙማብ ወስደው ነበር። ከቀዶ ሕክምናው በፊትም በኋላም የወሰዱት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ብቻ ከወሰዱት ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ኖሩ፤ 13.7 ወር ከ7.5 ወር ጋር። ዕጢው ገና በቦታው እያለ ቲ ሴሎቹ የሚማሩበት ነገር ያገኛሉ የሚል ነው ሐሳቡ። የሰዎቹ ቁጥር ትንሽ ስለሆነ ከፍንጭ አልፎ መደበኛ ሕክምና አልሆነም።

እንግዲያው ማክሮፌጆቹን ማጥፋት አይቻልም?

ተሞክሯል። ማክሮፌጅና ማይክሮግሊያ ለመኖር የሚተማመኑበትን የሲኤስኤፍ-1 ተቀባይ የሚዘጋ መድኃኒት በ2013 በአይጦች ላይ አስደናቂ ውጤት አሳየ። ሕዋሳቱ እንኳ ሳይጠፉ ጠባያቸው ተለወጠ፣ ዕጢውም ሟሸሸ። በ2016 ከዚሁ ወገን የሆነ ሌላ መድኃኒት በሰዎች ላይ ሲሞከር ግን የሚጠበቀው ጥቅም አልታየም። በአይጦቹም ቢሆን ሕክምናው ሲረዝም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዕጢያቸው ተመለሰ፤ ማክሮፌጆቹ ሌላ የእድገት ፕሮቲን እያመነጩ ዕጢውን በሌላ መንገድ መመገብ ጀምረው ነበር።

ይህ ውድቀት ብዙ አስተምሯል። ሙሉ በሙሉ መንቀል ሳይሆን ማስታረም፣ ያውም ከጨረር ወይም ከቲ ሴል ሕክምና ጋር አቀናጅቶ፣ የሚለው አካሄድ አሁን ያመዘነው ከዚህ ተነስቶ ነው። የእኔም እምነት ወደዚያው ያደላል።

ካር-ቲ ምንድን ነው? በአንጎል ዕጢ ላይ ተሞክሯል?

ከታማሚው ደም ቲ ሴል ተወስዶ፣ በቤተ ሙከራ ዕጢውን የሚያውቅ ተቀባይ ተጨምሮበትና ተባዝቶ መልሶ የሚሰጥበት ሕክምና ነው። በ2016 በታተመ ዘገባ አንድ ሰው ሕዋሳቱ በቀጥታ ወደ አንጎሉና ወደ አንጎል ፈሳሽ ውስጥ ተሰጥተውት፣ በህብለ ሰረሰሩ ላይ የነበሩት ጭምር ዕጢዎቹ ሁሉ ጠፉ። ለሰባት ወር ተኩል ቆየ፤ ከዚያ በአዳዲስ ቦታዎች ተመለሰበት። በ2024 ቦስተን ውስጥ ሦስት ሕሙማን በአንድ ጊዜ ሁለት ምልክት የሚያጠቃ ካር-ቲ ተሰጥቷቸው ዕጢው በቀናት ውስጥ ሲሟሽሽ በምስል ታየ፤ በአንደኛው ላይ ለውጡ ከስድስት ወር በላይ ቆየ፣ በሁለቱ ቶሎ ተመለሰ።

ደስታውን ሳልቀንስ ልናገር፦ ይህ ገና ሙከራ ነው። ዕጢው ከአንድ ዓይነት ሕዋስ አልተሠራም፤ አንዱን ምልክት የያዙት ሲሞቱ ያልያዙት ይተርፋሉ። ካር-ቲውም እዚያ ሲደርስ የሚጠብቁት እነዚያው ማክሮፌጆች ናቸው።

ቫይረስና ክትባትስ?

በጃፓን በ2021 ጂ47 ዴልታ የሚባል፣ ከሄርፒስ ቫይረስ ተለውጦ የተሠራ ሕክምና ለአደገኛ ግሊዮማ በሁኔታና በጊዜ የተገደበ ፈቃድ አግኝቷል። ቫይረሱ የካንሰሩን ሕዋስ ይገድላል፤ በግድያው የሚነሳው ጩኸትም የመከላከያ ሕዋሳትን ያነቃል። በክትባት በኩል በ2021 የአይዲኤች ለውጥ ባላቸው 33 ሰዎች ላይ የተሞከረው ክትባት ከአሥር ከዘጠኙ በላይ በሚሆኑት ላይ የመከላከያ ምላሽ አስነስቷል። ምላሽ መነሣቱ ግን ዕድሜ ማስረዘሙን ገና አያረጋግጥም።

ኤምአርአዩ ዕጢው ያደገ ያስመስላል፤ ሐኪሙ ግን «እንጠብቅ» አለ። ለምን?

ጨረር ወይም ኢሚውኖቴራፒ ከተሰጠ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ወራት የመከላከያ ሕዋሳት ወደ ዕጢው ሲጎርፉና አካባቢው ሲቆጣ በምስሉ ላይ ልክ እድገት ይመስላል። እውነተኛ እድገት ከሆነም ያው ይመስላል። ለመለየት ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ ምስሉን መድገም፣ የደም ፍሰት የሚያሳይ ተጨማሪ ምርመራ ማድረግ፣ አንዳንዴም ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል። ይህ መጠበቅ ለቤተሰብ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ቸልታ ግን አይደለም።

መከላከያን የሚያጠናክር ነገር ብወስድ ይረዳል?

ዕጢውን ለመዋጋት፣ አይረዳም። ችግሩ የሕዋሳቱ ቁጥር ማነስ ብቻ ሳይሆን የጠባያቸው መለወጥም ነውና በጠቅላላው «ማጠናከር» ዒላማውን አያገኝም። አንዳንድ ዕፅዋትና እንክብሎች ደግሞ ከሚጥል በሽታ መድኃኒትና ከኬሞቴራፒ ጋር ይጋጫሉ፤ የሚወስዱትን ሁሉ፣ ምንም ሳይደብቁ፣ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

አለርጂ ያለባቸው ሰዎች ግሊዮማ ያንሳቸዋል የሚባለው እውነት ነው?

በብዙ ጥናቶች እንደዚያ ሆኖ ታይቷል። ንቁ የሆነ መከላከያ ይጠብቃል የሚል መላምት አለ፤ ምክንያቱ ግን አልተረጋገጠም። ዕጢ ያለበትን ሰው ሕክምና የሚለውጥ ነገር የለውም።

ውጤቴ ላይ «ብዙ ማክሮፌጅ» ወይም «ሊምፎሳይት ታይቷል» ቢል ደግ ነው ክፉ?

ከዚያ ቃል ብቻ ተነስቶ መልስ መስጠት አይቻልም። ለሕክምና ውሳኔ አሁን የሚመዝኑት የዕጢው ዓይነትና ደረጃ፣ የአይዲኤች ለውጥ መኖር አለመኖሩ፣ ቴሞዞሎማይድ እንደሚሠራ የሚጠቁመው የኤምጂኤምቲ ምርመራ፣ ዕድሜና ጠቅላላ አቅም ናቸው። የመከላከያ ሕዋሳት ቆጠራ እስካሁን የምርምር መረጃ ነው።

አንድ ነገር ግን ከቀዶ ሕክምናው በፊት መጠየቅ ይቻላል፦ «የሚወጣው ናሙና ለምርመራ ከሚያስፈልገው ከተረፈ የት ይቀመጣል? ከፊሉስ በረዶ ውስጥ ሊቆይልኝ ይችላል?» በኋላ ወደ ሙከራ ለመግባት አንዳንዴ የሚጠየቀው ይህ ቁራጭ ነው፤ አንዴ ከተጣለ ደግሞ አይገኝም።